ወረፋው የተቋረጠበት ቀን

ለሰፈሩ ነፃ ሥራ የሠራ ፀጉር ቤት ደንበኛ ይጎርፍለታል ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። በእኛ ቤት መጀመሪያ የሆነው ተቃራኒው ነው። ነፃ በሠራንበት ሰሞን ደንበኛ ሸሸን።

ያኔ ቤቱ ጠባብ ነበር። ሁለት ወንበር፣ አንድ ካስክ፣ አንድ ፀጉር ማጠቢያ፣ በቃ። ባለቤቷን ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላት። ትምህርት ሊከፈት ሲል "የሰፈሩን ሴት ልጆች በነፃ ሹሩባ እንሥራላቸው" አለች። ሁላችንም ደስ አለን። የመጣው ልጅ ግን ካሰብነው በላይ ሆነ። በር ላይ ወረፋ፣ ውስጥ ጫጫታ። አንዷ ሳትነሣ ሌላዋ ልትቀመጥ ትጋፋለች። ማበጠሪያውም ከአንዷ ራስ ወደ ሌላዋ ይዞራል። ለከፋይ ደንበኛ እንደዚያ አይደረግም። ነፃ ሥራ ላይ ግን የሰው እጅ ይላላል።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ ሻሽ አስራ መጣች። ወረፋዋ ሠልጣኛችን ጋ ደረሰ። ሻሹ ሲፈታ ራሷ ክብ ክብ እየሆነ ተመልጧል፤ ቅርፊትም አለው። የቀረው ፀጉር ከሥሩ ተቆራርጧል። ሠልጣኟ "ውይ!" ብላ እጇን ሰበሰበች። የሚጠብቁት እናቶች አንገታቸውን አሰገጉ። ልጅቷ አቀረቀረች።

እቴቴ ለአንዲት ደንበኛ ቢጎዲን እየጠቀለለች ነበር። ትታ መጣች። ሻሹን በራሷ እጅ መልሳ አሰረችላት። "የኔ ቆንጆ፣ ያንቺን ፀጉር የማየው እኔ ነኝ፤ ነይ" ብላ ከነእናቷ ወደ ጓዳ ይዛት ገባች። ለእናትየው የነገረቻት አጭር ነው። "ጭርት ይመስለኛል። ሐኪም አይደለሁም፤ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ሲሻላት ግን እኔው ጋ አምጫት፣ እሠራታለሁ።" እናትየው ቅባት ስትቀባት መክረሟን ነገረቻት። ለራስ ጭርት ደግሞ ቅባት ብቻውን አይበቃም። ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ይህን እኛም ያወቅነው በኋላ ነው።

ከጓዳ ወጥታ ያደረገችው ነው ያከራከረን። ሥራውን አስቆመች። "ይቺን አየናት፤ ያላየነው ሊኖር ይችላል። ማበጠሪያ ከራስ ራስ ሲዞር ውሏል። የልጆቻችሁን ራስ ሰሞኑን እየከፈታችሁ እዩ። የተመለጠ ወይም ቅርፊት ያለው ነገር ካገኛችሁ ሐኪም ጋ ውሰዱ" አለቻቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። ሹሩባዋ ግማሽ ላይ የቆመባት ልጅ ማልቀስ ጀመረች፤ እሷን በአዲስ ማበጠሪያ ጨረስንላት።

"ዝም ብትዪ ማን ያውቅ ነበር?" አለቻት አንዷ ባልደረባዬ ማታ። እውነቷን ነው፣ ማንም አያውቅም ነበር። በማግስቱ ወሬው "እዚያ ቤት በሽታ አለ" ሆኖ ተመልሶ መጣ። ቋሚ ደንበኞቻችን ሳይቀሩ ጠፉ።

እቴቴ ጤና ጣቢያ ሄዳ አንዲት ነርስ ለምና አመጣች። ነርሷ መጀመሪያ ያየችው መዘፍዘፊያችንን ነው። ፀጉር የተጠመጠመበትን ማበጠሪያ በረኪና ውስጥ መንከር ከንቱ ድካም ነው አለችን፤ ቆሻሻው የበረኪናውን ኃይል ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ፀጉሩ ይለቀማል፣ በሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያ ነው የሚዘፈዘፈው። ፎረፎርና ቅጫም መለየትም አሳየችን። ፎረፎር ሲነኩት ይረግፋል፤ ቅጫም ፀጉሩ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል።

ያችው ባልደረባዬ "እኛ ፀጉር ሠሪ እንጂ ሐኪም ነን እንዴ?" አለች። ነርሷ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተሠርቶ 2018 ላይ ስለታተመ ጥናት ነገረችን። 52 የጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች ፀጉር ቤቶች፣ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ 319 ደንበኞች። ፋርማሲስት ፀጉር ቤቱ ድረስ እየመጣ መድኃኒት ያስተካከለላቸው፣ የላይኛው የግፊት ቁጥራቸው በስድስት ወር በአማካይ በ27 ወረደ። ፀጉር አስተካካያቸው "ሐኪም ጋ ሂዱ" ብሎ የመከራቸው ደግሞ በ9 ገደማ ወረደ። "እኛ ጋ የሚመጣው የታመመ ነው፤ እናንተ ጋ ግን ሁሉም ራሱን ይዞ ይመጣል" አለች። ባልደረባዬ ሳቀች፤ መልስ ግን አልሰጠችም።

ደንበኛ የተመለሰው ቀስ በቀስ ነው። እቴቴ መዘፍዘፊያውን ከጓዳ አውጥታ መስታወቱ ሥር አስቀመጠችው። ሰው ማየት ብቻ ሳይሆን መጠየቅ ጀመረ፤ "ይሄ ታጥቧል?" ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ያናድዳል። ግን ጎረቤታቸውን ይዘው የመጡት እነዚያው ጠያቂዎች ናቸው። የሰፈሩ መምህራንም የልጅ ራስ ላይ ነገር ሲያዩ እናትየውን ወደ እኛ ይልካሉ፤ እኛ ወደ ጤና ጣቢያ እንልካለን። ወንበር ጨመርን፣ የጎኑን ክፍል ተከራየን። "ውይ!" ያለችው ሠልጣኝ ዛሬ ራሷ ሠልጣኝ ታስተምራለች።

ነፃው ቀን አልቀረም። ልጆቹ የየራሳቸውን ማበጠሪያ ይዘው ይመጣሉ። ሁሉም መጋረጃ ጀርባ አንድ በአንድ ራሳቸው ይታያል፤ ሁሉም ስለሚገቡ ማን ምን እንዳለባት የሚያውቅ የለም። ፎቶ ማንሣት የለም። በዚህ ላይ ማስታወቂያ አመለጠን የሚሉ አሉ። እኔ በእቴቴ እስማማለሁ።

አሁን የሚያጨቃጭቀን ሌላ ነው። እናቶች "እንዲቆይላት ጠበቅ አድርጊው" ይላሉ። በጣም የጠበቀ ሹሩባ ሲደጋገም የግንባርን ዳር ይመልጣል፤ ቶሎ ካልተተወ ፀጉሩ ጭራሽ ላይመለስ ይችላል። እቴቴ "አታጥብቁ" ብላ አዛለች። ላላ ያለው ደግሞ ቶሎ ይፈታል። "ቶሎ ቶሎ እንድናስከፍል ነው" ብለው የሚያሙንም አልጠፉ። እሷም ዳር ዳሩን በነፃ እናድስ አለች። ቅዳሜያችንን የሚበላው ይሄ ነው፤ የከፋይ ደንበኛ ወረፋ እየጠበቀ ዳር ዳር ስናድስ እንውላለን። ወደ ማክሰኞ ይዛወር ብለናታል፤ ገና እሺ አላለችም።