ልጁ ዛሬ ማታ ቤቱ ያድራል? ድጋፋችንን የለካሁበት መንገድ

አዲስ አበባ ውስጥ ከጎዳና ወደ ቤተሰባቸው የተመለሱ ልጆችን የምከታተል ሶሻል ወርከር ነኝ። ሪፖርታችን የሚቆጥረው የቤት ለቤት ጉብኝትና የምክር አገልግሎት ብዛት ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ልጁ ማታ ቤቱ ማደሩ ነው።

«ረድተናችኋል?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አያዋጣም። ቡና አፍልታ የተቀበለችህ እናት ፊት ለፊት «አልጠቀማችሁኝም» አትልህም፤ ይሉኝታ አለ። ይህ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የካምብሪጅ-ሶመርቪል ጥናት ከ500 በላይ ወንድ ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ ለዓመታት አማካሪ መደበላቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው ክትትል አብዛኞቹ «ጠቅሞናል» ብለዋል። በወንጀልና በጤና ግን ድጋፍ ካላገኙት አልተሻሉም፤ በአንዳንዱ እንዲያውም ብሰው ተገኙ።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለአእምሮ ጤና አገልግሎት የተዘጋጀውን የግብ መለኪያ ወሰድኩ። ደረጃው ከሲቀነስ ሁለት እስከ ሲደመር ሁለት ነው፤ ዜሮው የሚጠበቀው ውጤት ነው፤ ከዜሮ በታች ከተጠበቀው ያነሰ፣ ከዜሮ በላይ ደግሞ የተሻለ ማለት ነው። ጉሊት የምትሸጥ አንዲት እናትና ልጇ ዜሮውን ራሳቸው ወሰኑ፤ በሳምንት አምስት ሌሊት ቤት ማደር። እናቱ ልጁ ያደረበትን ቀን ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር በእስክሪብቶ ትከብባለች። መነሻውን ለማወቅ፣ ምክር ከመጀመራችን በፊት ለጥቂት ሳምንታት ምልክት ማድረግ ብቻ ነበር ሥራው። (ልጁ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ልኬት ብሎ መጠበቅ የለም።)

ካላንደሩን ሳየው ያልተከበቡት ቀናት ወር መጨረሻ ላይ ተሰብስበዋል። የኪራይ ቀን ነው። አከራዩ ይመጣል፣ ቤቱ በጭቅጭቅ ይታመሳል፣ ልጁ ይወጣል። ለልጁ ስለ ጠባይ መምከሩን አቆይተን አከራዩን አነጋገርን። እናቲቱ ኪራዩን ለሁለት ከፋፍላ በወር ሁለት ጊዜ እንድትሰጥ ተስማማ። በቀጣዮቹ ወራት ክቦቹ እየበዙ መጡ።

ያመጣው ድጋፋችን ነው ብዬ ግን ወዲያው አልደመደምኩም። መስከረም ገብቶ ትምህርት ተከፍቶ ነበርና። እዚህ ላይ የጠቀመኝ ድጋፍ በተለያየ ወር የጀመሩ ቤተሰቦችን ጎን ለጎን ማየት ነው። የአንዱ ለውጥ በግንቦት፣ የሌላው በኅዳር፣ ሁለቱም ድጋፉ እንደጀመረ ከመጣ፣ የትምህርት መከፈት ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ፋይል በተዘጋ ማግስት ክትትሉ መቆሙ ነው። ልጅ ተመልሶ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። አሁን መዝጊያ ቅጹ ላይ የስድስት ወር ክትትል ቀን ካልተጻፈ አልፈርምም።