የእናቴ ዲሽ ወደ ምሥራቅ ሲዞር

ለፋሲካ ከደብረ ብርሃን መንዝ ውስጥ ወዳለችው መሀል ሜዳ ስሄድ ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ይልቅ ዕቃ በዝቶ ነበር። አንድ ኤችዲ ሪሲቨር፣ አንድ ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ላይ የሚታሰረው ሲግናል መቀበያ)፣ 15 ሜትር የዲሽ ገመድ፣ መፍቻዎች። እናቴ ቤት ዲሽ አለ። ግን ከድሮ ጀምሮ ናይልሳት ወደሚባለው የግብፅ ሳተላይት እንደዞረ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት የሚባለው የኢትዮጵያ ቻናሎች የሳተላይት ስርጭት ከመጣ ወዲህ የለመደቻቸው ቻናሎች ወደዚያ እየሄዱ አንድ በአንድ ጠፉባት። ወንድሜ ባለ 43 ኢንች ቲቪ ገዝቶላታል፤ እሷ ግን የማታውቀውን አረብኛ ስታይ ትውላለች። ይህ ነገር ሲከነክነኝ ነው የከረመው።

ሪሲቨር ስትገዙ አንድ ነገር ብቻ እዩ። ሳጥኑ ላይ ዲቪቢ ኤስ 2 እና ኤምፔግ 4 የሚል መኖር አለበት። የድሮዎቹ ይህ ስለሌላቸው ዲሹ የቱንም ያህል ቢስተካከል ኤችዲ ቻናል አያሳዩም። ከዚያ በኋላ ወርኃዊ ክፍያ የለም። ወጪው የዕቃው ነው፣ አለቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ናይልሳት ያለው በምዕራብ ኬንትሮስ 7 ዲግሪ ላይ ስለሆነ የኛ ዲሽ ፀሐይ መጥለቂያን ነበር የሚያየው። ኢትዮሳት የሚተላለፍበት ኤንኤስኤስ 12 የሚባለው ሳተላይት ደግሞ በምሥራቅ ኬንትሮስ 57 ዲግሪ ላይ ነው። ከመንዝ ሲታይ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ትንሽ ወደ ደቡብ ያደላል፤ በስልክ ኮምፓስ 120 ገደማ። ዲሹን አዞርኩት። ምንም የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ግራና ቀኝ ስገፋው ቆየሁ።

ለካ የረሳሁት ከፍታውን ነው። ናይልሳት ከኛ አካባቢ ሲታይ ዝቅ ብሎ፣ ከአድማስ 35 ዲግሪ ግድም ላይ ነው ያለው። ኢትዮሳት ግን 66 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አናታችን ላይ ሊሆን ምንም አልቀረው። የዲሹን የኋላ ብሎን አላልቼ ፊቱን ወደ ሰማይ ቀና ማድረግ ነበረብኝ። በነገራችን ላይ ለዚህ ከፍታ ምስጋና ይግባውና የጎረቤት ባሕር ዛፍ አያስቸግርም። ድሮ በምዕራብ በኩል ያደገው ዛፍ ስንቱን ፕሮግራም እንደከለለብን እኔ ነኝ የማውቀው።

የጎረቤታችንን ልጅ ቲቪው ፊት አስቀምጬ ቁጥር እንዲጠራልኝ አደረግሁ። «ስትሬንግዝ ሰማንያ!» ብሎ ጮኸ። በዚህ እንዳትሸወዱ። ስትሬንግዝ፣ ማለትም የሲግናሉ ጉልበት፣ ኤልኤንቢው መብራት ካገኘ ዲሹ የትም ቢዞር ከፍ ሊል ይችላል። ዋናው ኳሊቲ፣ የሲግናሉ ጥራት ነው፤ እሱ ደግሞ ዜሮ ነበር። ሳተላይቱ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እዚህ አንድ ዲግሪ ከሳታችሁ እዚያ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው የምትስቱት። ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ ገፋ አድርጎ ቆም ማለት ነው፤ ሪሲቨሩ ለማንበብ ጊዜ ይፈልጋል። «ኳሊቲ አርባ!» ሲል ልቤ ዘለለ። ኤልኤንቢውን በማቀፊያው ውስጥ ቀስ ብዬ ሳዞረው ሰባ ገባ። ብሎኑን አጠበቅሁ። የመንዝ ነፋስ የላላ ብሎን አይምርም። የገመዱን ጫፍም ውኃ እንዳይገባው በፕላስተር ጠቀለልኩት፤ ሐምሌ ሲመጣ ዋጋው ይታወቃል።

ወርጄ ቲቪው ጋ ስደርስ ቻናሎቹ ሁሉ ገብተዋል። ምስሉ ግን ደብዛዛ ነው።

እናቴ ባናዋን ተከናንባ ቁጭ ብላ አየችኝና «ተወው ልጄ፣ አትድከም። ዓይኔ ነው» አለችኝ።

ዓይኗ አልነበረም። እኔም እያየሁት ደብዛዛ ነበር። ከቲቪው ኋላ ሄጄ ሳይ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው የድሮ ገመድ ተሰክቷል። እኔው ነኝ በጥድፊያ የሰካሁት። ይህን ስሕተት ብዙ ቤት አይቼዋለሁ። ሰው ትልቅ ቲቪ ይገዛል፣ ኤችዲ ሪሲቨር ይገዛል፣ ከዚያ በቢጫው ገመድ ያገናኘዋል። ቢጫው ኤችዲ አያሳልፍም። የድሮው ምስል 720 በ576 ነጥብ ነው፤ ሙሉ ኤችዲ 1920 በ1080። አምስት እጥፍ ማለት ነው። የኤችዲኤምአይ ገመዱን ከሪሲቨሩ ሳጥን አውጥቼ ሰካሁ። የሪሲቨሩ ሜኑ ላይም ምስሉ 576 ላይ ነበርና ወደ 1080 ቀየርኩት።

አንዲት ሴት የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ትናገር ነበር። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ስትፈትል የኖረች ናት። ድንገት ተነሥታ ቲቪው ሥር ቆመች። ጣቷን ወደ ሴትዮዋ አንገት ቀስራ ጥቂት አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ይኼ ጥለት የእጅ አይደለም» አለች። «የማሽን ነው።»