የጅማ ጓሮና የእኔ ወገብ

ጅማ ውስጥ ጓሮ ያለው ሰው ዕረፍት የለውም። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ዛሬ የነቀላችሁት አረም በሳምንቱ ተመልሶ ይጠብቃችኋል። ታዲያ ብዙ ሰው ሥራውን ሁሉ ለቅዳሜ ያጠራቅማል። ቅዳሜ አጎንብሶ ይውልና እሑድ ወገቡን ይዞ ይተኛል። የሰፈራችን የወገብ ሕመም በአብዛኛው የቅዳሜ ሕመም ነው ባይ ነኝ።

እኔ መጀመሪያ የለወጥኩት ሰዓቱን ነው። ጠዋት ቢሮ ከመግባቴ በፊት ግማሽ ሰዓት እሠራለሁ። በቃ። "ይቺን ጥግ ብቻ ልጨርሳት" የምትል ሐሳብ ስትመጣ መኮትኮቻዬን አስቀምጣለሁ። ሰው እግሩን በዶማ የሚመታው፣ ጣቱን በገጀራ የሚቆርጠው ሲደክመውና ሲቸኩል ነው። በተለይ ደመናው ከብዶ "ሳይዘንብ እንጨርስ" ሲባል።

ቀጥሎ ሥራውን ራሱን ቀነስኩት። የቡና ሥር ለመሬቱ ገጽ ቅርብ ስለሆነ በዶማ መቆፈር ቡናውንም ይጎዳል። ስለዚህ ዙሪያውን በሙዝ ቅጠልና በቡና ገለፈት እጎዘጉዘዋለሁ። ጉዝጓዙ አረሙን ያፍነዋል፤ የእኔም ማጎንበስ ይቀንሳል። አንድ ጣጣ አለው። ከሥሩ ምን እንዳለ አይታይም። እባብ ሊኖር ይችላል፣ ምስማር ሊኖር ይችላል፣ የተሰበረ ጠርሙስም አይጠፋም። እጄን ከመስደዴ በፊት በዱላ እገላብጠዋለሁ።

የመኮትኮቻዬ ዛቢያ አጭር ስለነበር ሂርማታ ገበያ ወስጄ ረጅም አስገባሁለት። ቀጥ ብዬ ስቆም ጫፉ ደረቴ ጋ ይደርሳል። ለወገቤ ከዚህ የተሻለ ገንዘብ ያወጣሁበት ነገር የለም። በጋ ሲገባ ደግሞ እንጨቱ ይደርቅና ብረቱ ይላላል። እንዲህ ሆኖ የተወረወረ ዶማ ሰው ይገድላል። ውኃ ውስጥ የሚነክሩት አሉ፤ እንጨቱ አብጦ ይጠብቃል፤ ሲደርቅ ግን መልሶ ይላላል። ሽብልቅ መምታት ይሻላል። ገጀራውንም በሞረድ አስለዋለሁ። የደነዘ ስለት ጉልበት ይፈልጋል፤ ጉልበት ሲበዛበት ደግሞ ተንሸራትቶ ወደ እግር ይመጣል።

ስለ ሸክም ብዙ አልልም። ጆንያውን በግማሽ እሞላለሁ፣ ጉልበቴን አጥፌ አነሳለሁ፣ ወደ ሰውነቴ አስጠግቼ እይዛለሁ። ይዤው ወገቤን አልጠመዝዝም፤ መዞር ካለብኝ በእግሬ እዞራለሁ።

እግር ላይ ግን ቆም እንበል። የጅማ ቀይ አፈር ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው። ነጠላ ጫማ አድርጎ ጓሮ መግባት ለመውደቅ መዘጋጀት ነው። አልፎ አልፎ የሚያግዘኝን ልጅ የላስቲክ ቦቲ አድርግ ስለው፣ "እትዬ፣ እኔ የለመድኩት ባዶ እግሬን ነው፤ ቦቲ ያዳልጠኛል" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቦቲው የባለቤቴ ስለነበር ሰፍቶታል። በልኩ ሲገዛለት ጭቅጭቁ አበቃ። የጨቀጨቅኩት ለመውደቅ ብቻ ብዬ አይደለም። ለዓመታት በባዶ እግሩ ቀይ አፈር የሚረግጥ ሰው ዝሆኔ ሊይዘው ይችላል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው የዚህ አፈር ደቃቅ ብናኝ በቆዳ ገብቶ የሊምፍ ሥሮችን፣ ማለትም ከእግር ትርፍ ፈሳሽ የሚያወጡትን ቀጫጭን ቧንቧዎች፣ ያውካል፤ እግር ቀስ በቀስ ያብጣል። ይህኛው የዝሆኔ ዓይነት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ የወባ ትንኝም አታመጣውም። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ነው። ዶማ ይዞ ለሚውል ሰው ይህን አለመንገር ነውር ይመስለኛል።

አጥሬ ቅንጭብ ነው። ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፤ ለጊዜው ማየትም ሊከለክል ይችላል። ስከረክም መነጽር አደርጋለሁ፣ እጅጌዬን እዘረጋለሁ፣ ነፋሱን ከኋላዬ አደርጋለሁ። ነጠላዬንማ ቤት ትቼው ነው የምወጣው። ወተቱ ዓይን ከነካ ማሸት የለም። ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ።

ዛፍ መውጣት ትቻለሁ። የአቮካዶ ቅርንጫፍ ሲያዩት ወፍራም ነው፤ ግን ቶሎ ይሰበራል። ረጅም ሸንበቆ ጫፍ ላይ ከረጢት አስሬ ከታች ሆኜ አወርዳለሁ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ያለበት በኩል ያለውን ፍሬ ለወፎች ትቼዋለሁ፤ እርጥብ ሸንበቆም ቢሆን አላምነውም። ቡናው ግን አያስቸግረኝም። ከጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው 74110 ነው፤ ቁመቱ አጭር፣ ቅርንጫፉ የተሰበሰበ። ዝርያው የተመረጠው የቡና ፍሬ በሽታን ስለሚቋቋም ነው። እኔ የምወደው መሬት ላይ ቆሜ ስለምለቅመው ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ጣት መቆረጡ አይቀርም። እኛ አገር ደም ሲፈስ መጀመሪያ የሚመጣው የቡና ዱቄት ነው። ቡናውን ብንጠጣው ይሻላል። ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና አጥባለሁ፤ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጌ እይዘዋለሁ። ካልቆመ ወይም ጥልቅ ከሆነ ወደ ሐኪም ነው። መንጋጋ ቆልፍ፣ ቴታነስ የምንለውን በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ አፈርና ፍግ ውስጥ ይኖራል፤ ጓሮ ደግሞ አፈርና ፍግ ነው። ክትባቱን ጨርሳችሁ ከሆነ በየ10 ዓመቱ ማጠናከሪያ ይሰጣል። ቁስሉ ጥልቅና የቆሸሸ ከሆነ ግን 5 ዓመት ካለፈም ያስፈልጋል። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ የመጨረሻውን ክትባት መቼ እንደወሰዳችሁ ስለሆነ፣ እኔ ካርዱን ከመታወቂያዬ ጋር ነው የማስቀምጠው።