ቡሬን የሚያስለቅቀው ሕግ

ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ፣ ከመደበኛ ሥራዬ በሚተርፈኝ ሰዓት፣ የጎጃምን የአርበኝነት ዘመን የሚያሳዩ ሦስት ተከታታይ የኮምፒውተር የጦርነት ጨዋታዎችን ሠርቻለሁ። ካርታቸው ባለስድስት ጎን በሆኑ ክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን ሁለቱ ወገኖች ጦራቸውን በየተራ ያንቀሳቅሳሉ። ባለፈው ክረምት ተጫዋቹ እንደ ፍላጎቱ የሚያበራቸውና የሚያጠፋቸው አማራጭ ሕጎች ጨመርሁባቸው። ከሁሉም ያደከመኝም ያስተማረኝም አንዱ ስለሆነ በእሱ ላይ እቆያለሁ።

ነገሩ የተነሣው ከቡሬ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበሩን ከተሻገሩ በኋላ በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው፣ «የጌዴዎን ጦር» የተባለው ትንሽ ኃይል በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ደጋ ወጣ። የዚህ ጦር ዋና ኃይል የሱዳን ድንበር ሻለቃና ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ሲሆኑ፣ በቁጥር ከፊታቸው ከነበረው የኢጣሊያ ጦር እጅግ ያንሱ ነበር። ይሁንና ኢጣሊያኖች የመጣባቸውን ኃይልና በየአቅጣጫው የሚነሣውን አርበኛ ከእውነቱ አብዝተው በመገመታቸው በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቀው ወደ ደብረ ማርቆስ አቅጣጫ አፈገፈጉ። በእኔ ጨዋታ ግን ኮምፒውተሩ የኢጣሊያንን ወገን ሲይዝ ከቡሬ ንቅንቅ አይልም ነበር። ኮዱን ስመረምር የተጫዋቹን የእያንዳንዱን ሻለቃ ትክክለኛ የሰው ብዛት እያነበበ እንደሚወስን ደረስሁበት። ከሰው ተጫዋች የደበቅሁትን ሁሉ ለኮምፒውተሩ ገልጬለት ኖሯል፤ የያዝኸውን ሁሉ የሚያይ ተቃዋሚ ደግሞ በምንም ዘዴ አይታለልም።

ስለዚህ «የኃይል ግምት» ያልሁትን ሕግ ጻፍሁ። ሕጉ ሲበራ ሰውም ሆነ ኮምፒውተር የሚያየው ግምትን ብቻ ነው፤ ግምቱም ቃኚ ባልቀረበበት ስፍራ ይዛነፋል፣ በአንድ ተራ ከሁለትና ከሦስት አቅጣጫ ጥቃት ሲደርስ ደግሞ ያሻቅባል። በመጀመሪያው ሙከራ ኮምፒውተሩ ቡሬን ሲለቅ አይቼ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ነገር ግን ፍርሃቱን ለማሳየት ብዬ የሚያፈገፍገውን ጦር ሞራልም አብሬ ቀንሼ ነበርና ያ ጦር በመንገድ ላይ እንደ ገለባ ይበተን ጀመር። ጨዋታውን የሚሞክሩልኝ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ይህን ሲያዩ፣ «ልጄ፣ ደምበጫ አጠገብ የሆነውን ረሳኸው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ከቡሬ የወጣው ያው ጦር መንገዱ ላይ ያገኘውን ሁለተኛውን የኢትዮጵያ ሻለቃ ብርቱ ጉዳት አድርሶበት አልፏል። ፍርሃቱ የአዛዦቹ ስሌት ውስጥ እንጂ የወታደሩ ክንድ ላይ አልነበረም ማለት ነው። «ጋሼ፣ አርመዋለሁ» ብዬ የሞራሉን ቅናሽ በዚያው ሌሊት አወጣሁት፤ ግምቱ የሚነካው ውሳኔን ብቻ ሆነ።

ሌላው አማራጭ ሕግ፣ ስንቅ የሚጭኑትን እንስሳት የሚመለከተው፣ ብዙም አላስቸገረኝም። በዘመቻው በሺዎች የሚቆጠሩ ግመሎች አልቀዋልና፣ ግመል ወደ ደጋ በወጣ መጠን ቁጥሩ ይቀንሳል፣ በቅሎ ግን ይዘልቃል።

የሕጎቹ ብዛት ግን ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። መጀመሪያ አምስት ሕጎች ነበሩኝ፤ እያንዳንዳቸው ስለሚበሩና ስለሚጠፉ ሊሞከር የሚገባው ጥምረት 32 ደረሰ። ለብቻቸው ደኅና የሚሠሩ ሁለት ሕጎች አብረው ሲበሩ ኮምፒውተሩ በሁለተኛው ተራ ጎጃምን በሙሉ ጥሎ ይሄድ ነበር። ብወዳቸውም ሁለቱን ሰርዤ በሦስት፣ ማለትም በ8 ጥምረት፣ ተወሰንሁ። በተጨማሪም የተጀመረ ጨዋታ ሲቀመጥ የሕጎቹ ምርጫ አብሮት እንዲቀመጥ አደረግሁ፤ ይህን ከማድረጌ በፊት መምህሩ ለሳምንታት የተጫወቱት ጨዋታ በአዲሱ እትም ሲከፈት ተበላሽቶባቸው እጅግ አዝኜ ነበር።

በመጨረሻው ሙከራ መምህሩ የኢጣሊያንን ወገን ያዙ፣ እኔ በሰሜንና በደቡብ በጥቂት ሰው ደጋግሜ ነካካኋቸው። ታሪኩን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል፤ እውነተኛው ቁጥሬ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነም አልጠፋቸውም። በአምስተኛው ተራ ግን ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆይተው ጦራቸውን ከቡሬ አስወጡ።