ቢጫ ካርዴን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ባንኮክ የደረስሁ ዕለት

ወደ ባንኮክ ለመሄድ ካደረግሁት ዝግጅት አብዛኛው ያለ እክል አልፏል። ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚሄደውን በረራ መረጥሁ፤ እዚያው ሲደርሱ ለሚሰጠው የ15 ቀን ቪዛም 4 በ6 ሴንቲ ሜትር ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የመመለሻ ትኬት፣ የሆቴል ማረጋገጫና ለክፍያው 2,000 የታይላንድ ባት የሚመነዘር ዶላር ያዝሁ።

ያበላሸሁት ከሁሉም የቀለለውን ነገር ነው። ታይላንድ ቢጫ ወባ ይገኝባቸዋል ተብለው ከተመዘገቡ አገሮች ከሚመጣ መንገደኛ ቢጫ ካርድ የሚባለውን የክትባት ካርድ ትጠይቃለች፤ ኢትዮጵያም ከእነዚሁ አንዷ ናት። እኔ የተከተብሁት ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ካርዱ ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል በመሆኑ ጉዳዩን እንዳለቀ ቆጥሬው ነበር። ትኬት የቆረጠልኝ ወኪልም «እሱን ማንም አያይብህም፤ ለወጉ ያህል ያዘው» ስላለኝ፣ ካርዱን ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ሻንጣውን አስረከብሁ። በወኪሉ ላይ ያለኝ ንዴት እስካሁን አልበረደም፤ ዚፑን የዘጋሁት ግን በገዛ እጄ ነው።

ሱዋናፑም አውሮፕላን ማረፊያ (አጻጻፉን አይታችሁ «ሱቫርናብሁሚ» ብትሉ የሚረዳችሁ የለም) ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ደረስን። በመንገዴ ላይ «ሄልዝ ኮንትሮል» የሚል ሰሌዳ አይቻለሁ፤ ለታመመ ሰው መስሎኝ አለፍሁት። ከአንድ ሰዓት በላይ ለቪዛ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ፣ መኮንኑ የፓስፖርቴን ሽፋን አየና ሳይከፍተው በጣቱ ወደ ኋላዬ ጠቆመኝ። ወደዚያው ሰሌዳ ተመልሼ የጤናውን ቅጽ ሞላሁ። የጤና ሠራተኛዋ ካርዱን ስትጠይቀኝ በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ አሳየኋት፤ በፈገግታ ራሷን ነቀነቀች፤ የምትፈልገው ዋናውን ነው። ዋናው ያለው ከኢሚግሬሽን ወዲያ በሚገኘው የሻንጣ መረከቢያ ነው። የጤና ማህተም ከሌለ ቪዛ የለም፣ ቪዛ ከሌለ ደግሞ ወደ ሻንጣው መድረስ አይቻልም።

የአየር መንገዱ ሠራተኛ የሻንጣዬን ቁጥር ይዞ ሄደ፤ እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ለሕክምና ከልጃቸው ጋር የመጡ አንዲት የአገሬ እናት አጠገቤ ነበሩ። ካርዳቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው አሳዩና ማህተማቸውን ተቀብለው ሲነሱ፣ «ልጄ፣ አንተ ተምረህ በሻንጣ ትልካለህ?» አሉኝ። «ተሳስቼ ነው፣ እማማ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

ሻንጣው የመጣው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። በሁሉም ፊት ከፈትሁት፤ ካርዱ ለወዳጄ የያዝሁለት በርበሬ ሥር ተቀብሮ ነበር። ሠራተኛዋ ገልጣ ስታየው ሁለት ጊዜ አስነጠሳት፤ ማህተሙን ለመምታት ግን ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። ከዚያ ያንኑ የቪዛ ሰልፍ እንደ አዲስ ከጫፉ ያዝሁ።

ስለዚህ ካርዱ ከፓስፖርቱ ጋር ኪስ ውስጥ ይሁን፤ ሰልፍ ከመያዛችሁ በፊትም ማህተሙን አስመቱ። ቪዛው እዚያው ይሰጣል ቢባልም፣ እኔን ብትሰሙኝ ከመነሳታችሁ በፊት አውጡት።

ስወጣ መሽቶ ነበር። በ45 ባት መሃል ከተማ እስካለው ፓያ ታይ ጣቢያ የሚያደርሰውን ባቡር ትቼ፣ ደክሞኝ ታክሲ ያዝሁ፤ ቆጣሪው በ35 ባት ቢጀምርም የአውሮፕላን ማረፊያው 50 ባትና የፈጣን መንገዱ ክፍያ ይጨመርበታል፤ መኪናው ደግሞ አይንቀሳቀስም። ባንኮክን የወደድኋት በማግስቱ፣ በሴን ሴፕ ቦይ ጀልባ ላይ ነው። ትኬት ቆራጩ የራስ ቁር አድርጎ በጀልባው ጠርዝ ላይ በውጭ በኩል ይሄዳል፤ ከፊት ሌላ ጀልባ ሲመጣ ዳር የተቀመጡት ገመዱን ስበው የላስቲኩን መጋረጃ ያነሳሉ። እኔ ገመዱን ዘግይቼ ስለያዝሁት ጥቁሩ ውኃ ሸሚዜን አራሰው፤ ከጎኔ የነበረች ተማሪ ምንም ሳትናገር እጇን ዘርግታ ሳበችልኝ።