የመንዙን የወፍጮ ባቡር ከዝገት እንዴት እንዳስነሳሁት

ሞላሌ አካባቢ ባለች አንዲት የገጠር መንደር፣ ቆርቆሮው በተቀዳደደ ወፍጮ ቤት ውስጥ፣ ለዓመታት ቆሞ የኖረ የሊስተር ሞተር ዛሬ ይሠራል። ሥራውን የሠራሁት ደብረ ብርሃን ካለው ቶርኖ ቤቴ እየተነሳሁ፣ ጣርማ በር ድረስ በአስፋልቱ፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጥፌ የመንዝን ደጋ እያቋረጥኩ ነው። እንዴት እንዳስነሳሁትና ምን እንደተማርኩበት የምጽፈው፣ በየገጠሩ እንዲህ ያሉ ሞተሮች ገና ስላሉና በኪሎ ለቁራሌ እየተሸጡ ስለሆነ ነው። አንዱን እንኳን የሚያድን ሰው ካነበበው ይበቃኛል።

የቅርስ ማሽን ሲነሳ የሁሉም ሐሳብ የሚሄደው ወደ ጅቡቲው ምድር ባቡር ነው። ተገቢም ነው። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የገባ፣ በ1950ዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ እስኪተካው በእንፋሎት ሲጎተት የኖረ ትልቅ ታሪክ ነው። የእኛን ደጋ ግን ሐዲድ አልረገጠውም። እዚህ የሰውን ኑሮ የለወጠው ማሽን ወፍጮው ነው። እናቶቻችን ከዶሮ ጩኸት በፊት ተነስተው ድንጋይ ላይ እየተደፉ የሚፈጩትን ገብስ የተረከባቸው ይኸው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ነው። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ እህል በአህያ ጭኜ ተራ ስጠብቅ ነው ብረት የወደድኩት።

ሞተሩ ሊስተር ሲ ኤስ 6/1 ይባላል። ዘሩ እንግሊዝ አገር ደርስሊ በምትባል ከተማ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ድረስ ተመርቷል። አንድ ሲሊንደር፣ 1.4 ሊትር ገደማ፣ 6 የፈረስ ጉልበት፤ በደቂቃ የሚዞረው 650 ዙር ብቻ ነው። በሁለት ዙር አንዴ ስለሚተኩስ በደቂቃ 325 ጊዜ ይመታል። ያ ከሸለቆ ማዶ «ዛሬ ወፍጮው ይሠራል» የሚያሰኘው ድምፅ ይኸው ነው። ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ቮላኖዎች፣ ማለትም ከባዶቹ የብረት መንኮራኩሮች፣ እያንዳንዳቸው ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ በአንዱ ምትና በሌላው መካከል ዙሩን የሚይዙት እነሱ ናቸው። እርጋታው ነው ዕድሜ የሰጠው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። መፍቻ ከማንሳቴ በፊት የፈለግኩት ሞተሩን ሲያሠራ የነበረውን ሰው ነበር። ይህን ከሁሉም አስቀድማለሁ። ሽማግሌው ሞተሪስት በሕይወት አለ፤ ዓይኑ ደከም ብሏል እንጂ ነገሩን ሁሉ ያስታውሳል። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ባለው መደብ ተቀምጠን ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ለምንድነው የቆመው? ተሰብሮ ነው?»

«አልተሰበረም ልጄ። መብራት ሲገባ ሰዉ ወደዚያኛው ወፍጮ ሄደ፣ እኔም ዘጋሁት። ውሃውን አፍስሻለሁ፣ ዘይቱን ሞልቻለሁ። የጭስ ማውጫው አፍ ላይ ጣሳ ደፍቼበት ነበር። እሱን ንፋስ ወስዶት እንደሆነ እንጃ።»

ቀና ብዬ ሳይ ጣሳው የለም። ይህች አንዲት ንግግር የሥራዬን ግማሽ ጨረሰችልኝ። ውሃው ፈሶ ከሆነ የመንዝ ውርጭ የሲሊንደሩን ዙሪያ አልሰነጠቀውም ማለት ነው፤ በእኛ አገር ጥቅምትና ኅዳር ሌሊት ውሃ በረዶ ይሆናል፣ በረዶ ደግሞ በቅርጽ የፈሰሰ ብረትን ይሰነጥቃል። ጣሳው ከሌለ ግን ክረምቱ በጭስ ማውጫው ገብቷል። የጭሱን ቫልቭ የምታነሳዋ ትንሽ ማንሻ ተነስታ ነበር የቆመችው፤ ስለዚህ ዝናቡ ቀጥታ ፒስተኑ አናት ላይ ወርዷል። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ስንፈታ እንዳልነው ሆኖ አገኘነው፤ ቡናማ ዝገት ፒስተኑንና ሲሊንደሩን አጣብቆ ይዟቸዋል።

የመንደሩ ጎረምሶች ቮላኖው ክንፎች መካከል ወፍራም ብረት አስገብተን እንጠምዝዘው አሉ። አይሆንም አልኳቸው። ቮላኖ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፤ ክንፉ ከተሰበረ በዚህ አገር የሚተካው አይገኝም፣ ተበይዶም አይታመንም። የያዘው ፒስተኑ ነውና መፍትሔውም እዚያው ነው። ናፍጣና የካምቢዮ ዘይት ቀላቅዬ ፒስተኑ ላይ አፈሰስኩና ተውኩት። ስመለስ እየጨመርኩ፣ ደግሞ እየተውኩ። ዘይቱ በፋሻዎቹ (ፒስተኑን በከበቡት የብረት ቀለበቶች) ዙሪያ ወደ ታች መስረግ ሲጀምር ውሃ በትልቅ ድስት አፍልተን ሲሊንደሩ ዙሪያ ባለው የውሃ ቤት ሞላን። ሲሊንደሩ ሲሞቅ ከፒስተኑ ቀድሞ ይሰፋል። ከዚያ የወይራ ግንድ በፒስተኑ ልክ አስተካክዬ አናቱ ላይ አስቀመጥኩና በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልኩ መታሁ። ፒስተኑ መሃል መንገድ ላይ ስለቆመ ወደ ታች መሄጃ ነበረው። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። በኋላ ሁለቱ ቮላኖዎች አንድ ላይ ነቅነቅ አሉ። ጎረምሶቹ ጮኹ፤ ሽማግሌው ደግሞ ከመደቡ ሆኖ «ቀስ በሉ፣ አሁን ነው ቀስ ማለት» አለ። እውነቱን ነው፤ የተላቀቀ ፒስተን በጉልበት ከተገፋ ዝገቱ ሲሊንደሩን ይቧጥጠዋል። ስለዚህ ትንሽ ወደ ታች፣ ትንሽ ወደ ላይ፣ በየመካከሉ ዘይት እየጨመርን አወጣነው።

ከፋሻዎቹ አንዱ ተሰብሯል፣ ሌሎቹ ቦያቸው ውስጥ ደርቀዋል። መለዋወጫ ማግኘት እንደሚፈራው ከባድ አይደለም፤ ሕንድ አገር ራጅኮት ውስጥ የዚህኑ ሞተር ቅጂ ስለሚሠሩ ዕቃው መርካቶ ይደርሳል። ዕቃው ግን ሁሉ ልክ አይደለም። አዲስ ፋሻ ስትገዙ መጀመሪያ ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቡትና በፒስተኑ ግፉት፤ ሁለቱ ጫፎች የሚቀራረቡበትን ክፍተት በቀጭኑ የመለኪያ ላሜራ ለኩ። ጫፎቹ ከተነካኩ ሲሞቅ መሄጃ ያጣና ይነክሳል። ቴስታታው ሲታሰር ደግሞ ፒስተኑ አናት ላይ ለስላሳ የእርሳስ ሽቦ አስቀምጬ ቮላኖውን በእጄ አንድ ጊዜ አዙሬ አወጣሁት። የተጨፈለቀው ሽቦ ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር ትንሽ በለጥ ማለት አለበት። ከዚያ ከሳሳ ፒስተኑ ቴስታታውን ሊመታ ነው፤ በጣም ከወፈረ ደግሞ በመንዝ ብርድ ጠዋት አይነሳም።

ስለ ናፍጣ ፖምፓው ረጋ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የቆመ ናፍጣ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ፖምፓው ውስጥ የናፍጣውን ልክ የምትወስነው ጥርሳም ዘንግ በዚያ ተጣብቃ ትቀራለች። ክፍት ሆና ከተጣበቀች ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ገቨርነሩ (ዙሩን የሚቆጣጠረው ክፍል) ሊቀንስለት ቢፈልግም አይችልም። ዙሩ 650ን ያልፋል፣ ያ ሁሉ ክብደት ያለው ቮላኖ ከልክ በላይ ይሽከረከራል፣ ይፈነዳልም። እንዲህ የቆመ ሞተር የምታነሱ ሰዎች፣ ዘንጓ በአንድ ጣት ግፊት ወዲያና ወዲህ ካልተንሸራተተች ማንቬላውን (በእጅ ማስነሻውን) አትንኩ። ከዚህም በላይ የአየር ማስገቢያውን አፍ ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ጣውላ አዘጋጅቼ አንድ ሰው ይዞት እንዲቆም አደረግኩ። አላስፈለገም፤ አሁንም ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ጣውላው እዚያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቃል።

ለማስነሳት የተገናኘነው ጠዋት ላይ ነው፣ ሣሩ አመዳይ ለብሶ። በርሜሉን በውሃ ሞላን። ይህ ሞተር የውሃ ፖምፓ የለውም፤ የሞቀው ውሃ ራሱ ወደ ላይ ወጥቶ በርሜል ይገባል፣ የቀዘቀዘው ከታች ይመለሳል። ስለዚህ የላይኛው ቱቦ አፍ ምንጊዜም ከበርሜሉ ውሃ በታች መሆን አለበት። ውሃው ጎድሎ ቱቦው ከወጣ ዙረቱ ይቆማል፤ ሞተሩም ይግላል። ቴስታታው ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ መዘውር ወደ ውስጥ አጠበቅናት። እሷ ስትጠብቅ ጭመቃው ከፍ ይላል፤ ለብርድ ማስነሻ ነች። ሞተሩ ሞቆ ጭነት ሲይዝ ትላላለች።

ማንቬላውን ሽማግሌው ለማንም አልሰጠም። «አውራ ጣትህን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር አድርግ፣ እጀታውን አትጠቅልለው» አለኝ። መልሶ ከመታ አውራ ጣት ይሰብራልና ነው። መጀመሪያ በዝግታ አዞረው፤ ጆሮውን ወደ ቴስታታው አስጠግቶ አዳመጠ። ኢንጀክተሩ (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው) በየሁለት ዙሩ «ክርር» የምትል ቀጭን ድምፅ ሰጠ። «ሰማህ? ናፍጣው ደርሷል፣ አየር የለውም» አለ። እኔ ይህን ድምፅ በየትኛውም ጋራዥ አልተማርኩትም። ከዚያ ሁለታችን ተጋግዘን ፍጥነት ሰጠነው፤ የቫልቩን ማንሻ ሲለቃት አንድ ጊዜ ተኮሰ፣ ዘለለ፣ ደግሞ ተኮሰ። ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ጥቁር፣ ከዚያ እየጠራ ሄደ። ከበረት ማዶ ያሉ ሴቶች ወጥተው እልል አሉ።

ደጋ ላይ ሞተር ስለማሠራት ሁለት ነገር ልጨምር። ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ሞተሩም የዚያኑ ያህል ጉልበት ያጣል። ናፍጣ በመጨመር ጉልበት አይመጣም፤ የሚመጣው ጥቁር ጭስና ጥቀርሻ ነው። ትክክለኛው መንገድ ጭሱ እስኪጠራ ናፍጣውን መቀነስና እህሉን ወደ ድንጋዩ ቀስ እያደረጉ መልቀቅ ነው። ሁለተኛው፣ በዚህ ከፍታ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በርሜሉ ቶሎ መንፈቅፈቅ ሲጀምር ሞተሩ ታመመ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ውሃ መጨመር ነው።

ስለ ቀለም ብዙ ተከራከርን። ቤተሰቡ አዲስ አረንጓዴ ይቀባልን አለ፤ ደስታቸውን እረዳለሁ። ነገር ግን ጥቁር አረንጓዴው የፋብሪካ ቀለም ከብዙ ቦታ ቢለቅም አሁንም አለ፤ የለቀቀውም በዘፈቀደ አይደለም። የናፍጣ ክዳኑ ዙሪያ፣ የማንሻዋ አናት፣ ሞተሪስቱ ዘወትር ክንዱን የሚያስደግፍበት ጠርዝ እንደ መስታወት ለስልሷል። ያንን በብሩሽ ብሸፍነው የሰውዬውን የዕድሜ ሥራ እሸፍናለሁ። ስለዚህ ልቅ ዝገቱን ብቻ አንስቼ በዘይት ጨርቅ አሸሁት። ግድግዳውንም ኖራ እንዳይቀባ ለመንኩ። በከሰል የተጫሩ መስመሮች አሉበት፤ እነማን ስንት ቁና አስፈጭተው ሳይከፍሉ እንደሄዱ የተያዘበት የዱቤ መዝገብ ነው። ሞተር ከሌላ ቦታ ሊገኝ ይችላል፤ ያ ግድግዳ ግን አይገኝም። በዚህ ላይ አልተደራደርኩም፤ በመጨረሻ ተስማሙልኝ።

አንድ ነገር ግን ከድሮው ቀይረናል። ከሞተሩ ወደ ወፍጮው የሚዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ድሮ ክፍት ነበር። ነጠላና መቀነት የሚይዝ ነገር ባለበት ክፍት ቺንጋ መተው ለታሪክ መታመን አይደለም፤ የእንጨት አጥር አጥረንበታል፣ ልጆችም ከዚያ አያልፉም።

አሁን ሞተሩ የሚሠራው በገበያ ቀንና በበዓል ሰሞን ነው። በየቀኑ እንዲሠራ አልፈልግም፤ የመብራቱ ወፍጮ ያንን ይሸከም። ጨርሶ እንዲቆምም አልፈልግም፤ ካልዞረ ፋሻው ተመልሶ ይይዛል፣ የሚያሠራውም ሰው እጁ ይረሳል። የሚያስፈጩት በአብዛኛው የተቆላ ገብስ ለበሶ ነው። አንዲት እትዬ «የዚህ ዱቄት አይግልም፣ ቀዝቀዝ ብሎ ነው የሚወጣው» ብለው ከሩቅ መንደር ያመጣሉ።

ሁለት ወጣቶች ከሽማግሌው ሥር ሆነው እየተማሩ ነው። አንደኛዋ ኢንጀክተሩን በጆሮዋ መለየት ችላለች። የሚናገረውን ሁሉ በስልክ ቀድተን በደብተር ገልብጠናል፤ ደብተሩ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ አንድ ቅጂ እኔ ጋ አለ። የቀረን ድንጋዩ ነው። ጥርሱ አልቋል፣ መወቀር አለበት፤ አሠራሩን የሚያውቁ አንድ አዛውንት መሐል ሜዳ እንዳሉ ሰምተናል። መንገዱ ሲደርቅ በመኪና ሄደን ልናመጣቸው ቀጠሮ ይዘናል፤ ልጆቹም መሮ ይዘው አብረዋቸው ይቀመጣሉ።