ተራዬ ነበር

ከፍልሰታ በፊት የነበረው የመጨረሻው እሑድ ነው። የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ ሳምንታት አልፈዋል፤ ቀጣዩ ጾም ደግሞ ደጃፍ ላይ ቆሟል። እንዲህ ባለው ክፍተት ሥጋ የሚጋብዝ ሰው ሲገኝ እምቢ አይባልም። ጎረቤቴ ቅዳሜ ማታ በአጥራችን በላይ ብቅ ብለው «ነገ ከልጄና ከባሏ ጋር ወንዙ ዳር ምሳ እንበላለን፤ አንተም ና» አሉኝ። ሄድኩ።

ሰውየው ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። በስማቸው ብቻ እንድጠራቸው ከነገሩኝ አራት ዓመት ሆነ፤ ዛሬም ስሙ ከአፌ ሲወጣ አንዳች ነገር ይጎረብጠኛል። እንግሊዝኛ «አንቱ» ስለሌለው ጉድለቱን የምሞላው ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በር ላይም አስቀድሜያቸው ነው። እዚህ ግን የምጽፈው በራሴ ቋንቋ ስለሆነ አንቱታቸውን መልሼላቸዋለሁ።

የምንኖረው ኦክስፎርድ ነው። ከቅዳሴ መልስ ተገናኝተን፣ ጄሪኮ ከሚባለው ሰፈር (እኛ ኢያሪኮ የምንላት መሆኗ ነው) ተነስተን ፖርት ሜዶው የተባለውን የግጦሽ ሜዳ በእግር አቋረጥን። አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ሜዳው እ.ኤ.አ. በ1086 በተጠናቀረው የእንግሊዝ የመሬት መዝገብ ውስጥ ሰፍሯል፤ ማረሻ ነክቶት አያውቅም ይባላል። ከብቱና ፈረሱ በወንዙ ዳር ተበትኖ ይግጣል። ልጅነቴን ጎጃም ውስጥ ጥጃ ስጠብቅ ስላሳለፍኩ ዓይኔ እንደ ልማዱ እረኛውን ፈለገ። እረኛ የለም። አንዲት ጊደር መንገዱ መሀል ተጋድማ ሰዉ ሁሉ ዞሯት ሲያልፍ ሳይ፣ የማላውቀው ባለቤቷ ችላ ያላት ይመስል ቅር አለኝ። ጎረቤቴ ሳቁብኝ።

ከሜዳው ማዶ የጎድስቶው ገዳም ፍርስራሽ አለ። የንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ ወዳጅ የነበረችው ሮዛመንድ እዚያ ተቀብራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1191 አንድ ጳጳስ መቃብሯን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አይቶ አውጡልኝ ብሎ አዘዘ። ያን ጊዜ እኛ ዘንድ ንጉሥ ላሊበላ በዙፋን ላይ ነበሩ። ዛሬ በግድግዳው መሀል ሣር በቅሏል፤ ልጆች ድብብቆሽ ይጫወቱበታል። ድልድዩን ስንሻገር የውሃው ድምፅ ከሩቅ ተቀበለን፤ ከመጠጥ ቤቱ በረንዳ አጠገብ ቴምዝ በግድብ ላይ እየዘለለ ይወርዳል።

ቤቱ «ትራውት» ይባላል፤ የዓሣ ስም ነው። የዚህ አገር መጠጥ ቤቶች ስማቸው አንበሳ፣ አክሊል፣ ማረሻ፣ ዓሣ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ድሮ ሴቶች በየቤታቸው የጠመቁት ሲደርስ እንጨት ጫፍ ላይ ቅጠል አስረው በደጃቸው ያቆሙ ነበር። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1393 ንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ ጠምቆ የሚሸጥ ሁሉ ምልክት ይስቀል ብለው ደነገጉ፤ ማንበብ የማይችለውም ሰው ሥዕሉን አይቶ ይገባል። ይህንን ጎረቤቴ ሲነግሩኝ በእኛ አገር በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ የተደፋበት ደጅ ሁሉ ጠላ ቤት መሆኑን ነገርኳቸው። «ንጉሡ ነው ያዘዘው?» አሉኝ። ጥም ነው ያዘዘው አልኳቸው።

ስለ ቢራው ልናገር፤ ስሙ በከንቱ ጠፍቷልና። «እንግሊዞች ሙቅ ቢራ ይጠጣሉ» የሚለውን እኔም ሳልቀምስ ስደጋግም የኖርኩት ነው። ሙቅ አይደለም፤ የምድር ቤት ቅዝቃዜ አለው፣ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ አካባቢ። በርሜሉ ውስጥ እርሾው ገና ሕያው ነው፤ ጋዝ አይጨመርበትም፤ ባንኮኒው ላይ ያለውን ረጅም እጀታ በክንድ እየሳቡ ይቀዱታል። በርሜሉ አንዴ ከተከፈተ በጥቂት ቀን ውስጥ ካላለቀ ይበላሻል። ጠላ የሚያውቅ ሰው ይህንን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። እንዲያውም የመራራው ነገር ታሪክ አለው፦ እንግሊዞች ለብዙ ዘመን ሆፕ የሚባለው መራራ ተክል ሳይገባበት ነበር የሚጠምቁት፤ ተክሉ ከባሕር ማዶ ገብቶ የተለመደው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እኛ በጌሾ እንሠራዋለን። እኔ ግማሽ ፓይንት አዘዝኩ። ሙሉው 568 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለእኔ ብርጭቆ ሳይሆን ገንቦ ነው።

ምግቡ የእሑድ ሮስት ነበር፤ አዲስ አበባ ሮስቶ የምንለው የሩቅ ዘመዱ ነው። የአሳማውን ትቼ የበሬውን መረጥኩ። ሥጋው በስሱ ተቆርጦ መሀሉ ቀላ ብሎ መጣ። ጎረቤቴ እንዳልጸየፍ ሰግተው በደንብ የበሰለውን ላስለውጥልህ ወይ አሉ። እኛ ጥሬውን በአዋዜና በሚጥሚጣ እንበላለን ስላቸው ሹካቸውን አስቀመጡ። ልጃቸው «አባዬ፣ አፍህን ዝጋ» አለቻቸው። ከሥጋው ጋር ሆርስራዲሽ የሚባል ነጭ ማባያ ይቀርባል፤ ከሥር የሚሠራ ነው። ምላስን ትቶ አፍንጫ ላይ ይወጣል። ሰናፍጭ! አንድ ማንኪያ ጎርሼ ዕንባዬ ሲመጣ ለአፍታ እናቴ ማእድ ቤት ነበርኩ።

ዮርክሻየር ፑዲንግ ስሙ ጣፋጭ ይመስላል፤ አይደለም። ዱቄት፣ እንቁላልና ወተት ተመትቶ በጋለ ስብ ውስጥ ሲፈስ ተነፍቶ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ይቆማል፤ መረቁ እዚያ ውስጥ ይጠራቀማል። ጎረቤቴ የዮርክሻየር ሰው ናቸው። እናታቸው ከሥጋው በፊት እርሱን ብቻ በመረቅ ያቀርቡ ነበር፤ ሆድ በርካሹ ሲሞላ ውዱ ሥጋ ለሁሉም ይዳረሳል። ፑዲንጉን ቆርሼ መረቁን ሳጠቅስበት ዓይተው «አንተ ከየት ተማርከው?» አሉኝ። ከእንጀራ ነዋ።

እስካሁን የጻፍኩት መንደርደሪያ ነው። ልጽፍ የተነሳሁት ስለ ተራ ነው።

እዚህ አገር መጠጥ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ጠብቆ የሚቀመጥ ሰው ጠምቶት ይሞታል። ባንኮኒው ዘንድ ራስህ ሄደህ፣ አዘህ፣ እዚያው ከፍለህ ትመለሳለህ። አብረው የተቀመጡት ደግሞ በየተራ ለሁሉም ይገዛሉ። ማንም «ተራህ ነው» አይልህም። እኔ ይህንን የተማርኩት በውርደት ነው። ከሰባት ዓመት በፊት መጋዘን ውስጥ ስሠራ ባልደረቦቼ ዓርብ ማታ ይዘውኝ ይወጡ ነበር። ዓርብ ጾም ስለሆነ ለስላሳ ይዤ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ፤ ብርጭቆዬ ሲጎድል ሌላ ይመጣል፤ አመስግኜ እጠጣለሁ፤ በጊዜ ወደ ቤቴ እገባለሁ። እንዴት ያሉ ደጎች ናቸው እያልኩ ለእናቴ በስልክ አወራሁላት። እርሷም መረቀቻቸው። ሦስት ወር እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ አንድ ጋናዊ ባልደረባዬ ለብቻዬ ጠርቶ «ወንድሜ፣ ሁሉም ገዝቶልሃል፤ አንተ ለማንም ገዝተህ አታውቅም» አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። እኔ ግብዣ ነው ብዬ የተቀበልኩት ዕቁብ ኖሯል! ዕቁቡን በልቶ የጠፋውም ሰው እኔ ነኝ። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ሰው ስሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። በሚቀጥለው ዓርብ ባንኮኒው ላይ ደርሼ ለሰባት ሰው ገዛሁ፤ እንደገና ልገዛ ስነሳ ግን ፊታቸው ጠቆረ። ለካ የሌላውን ተራ መውሰድም ነውር ነው። እኛ ዘንድ ሒሳብ ሲመጣ «በሞቴ፣ እኔ እከፍላለሁ» ብሎ መታገል የፍቅር ምልክት ነው፤ እዚህ ግን ሰውየውን ከማኅበሩ እንደ ማስወጣት ይቆጠራል።

ቆይቼ ሳስበው ከዕቁብም ይረቃል። ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው፤ መዋጮውም እኩል ነው። ይህ ግን መዝገብ የለውም። እኔ ግማሽ ጠጥቼ ለሌላው ሙሉ እገዛለሁ፤ ሹፌሩ ውሃ ጠጥቶ ለሁሉም ቢራ ያመጣል፤ ሳንቲሙን የሚቆጥር የለም። ተራውን ግን ሁሉም በልቡ ይዞታል። በሒሳብ አያስኬድም። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር ይበልጥ ያስፈራኛል፤ የተጻፈ ዕዳ ከፍለህ ትገላገላለህ።

እንግዲህ እሑድ ዕለት ነገሩን አውቄ፣ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ምግቡን ልከፍል አስቤ ነበር፤ አገር ቤት እጅ መታጠቢያ እንደሚሄዱ መስሎ ገንዘብ ተቀባዩ ዘንድ ብቅ ማለት ነው። እዚህ አይሠራም። በበረንዳው ሥር የተሰበሰቡትን ዓሦች ቁልቁል እያየሁ ሳለ ጎረቤቴ ሄደው፣ አዘውና ከፍለው ተመልሰዋል። መጀመሪያውን መጠጥ ራሳቸው ገዙ። ሁለተኛውን አማቻቸው። ሦስተኛውን፣ ራሷ ውሃ እየጠጣች፣ ልጃቸው። ብርጭቆዎቹ ሲጎድሉ ብድግ አልኩ።

«በቃን» አሉ ሦስቱም በአንድ ድምፅ።

«ቡናስ?» እምቢ። «ጣፋጭ ነገርስ?» ሆዳቸውን ዳሰሱ። ቆሜ ቀረሁ፤ ከሰባት ዓመት በፊት የነበርኩት ሰው ተመልሶ ከጎኔ የቆመ መሰለኝ።

ጎረቤቴ ገብቷቸዋል። «በሚቀጥለው እሑድ ትገዛልናለህ» አሉኝ። አልችልም፣ ጾም ይገባል፣ አልኳቸው። ምን ምን እንደማይበላ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና «ቢራ እኮ ገብስ ነው» አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ተለወጠ። የበርሜሉ ቢራ እንዲጠራ ከዓሣ የአየር ከረጢት የሚወጣ ነገር ይጨመርበት እንደነበር ትዝ አላቸው፤ ዛሬ የተዉት ጠማቂዎች አሉ፣ ያልተዉም አሉ። ዓሣ ለጾም ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለው ክርክር እኛንም እንደሚያጣላን ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው። የትኛው ወገን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። እናቴ ከምትይዘው ወገን ነኝ አልኩ።

ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ማስታወሻ አወጡ። «መቼ ነው የሚፈታው?» ነሐሴ 16፤ በእናንተ ኦገስት 22። መነጽራቸውን አድርገው ቀኑን ፈለጉና ስሜን ጻፉበት።